ፋይሉ ውስጥ የሌለችው መስመር

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ በእንዲህ ያለ ወሬ አምኜ አላውቅም። ጂን መኖሩን ሃይማኖቴ ስለሚነግረኝ አልክድም፣ ግን ጂን ሥራ ፈትቶ፣ ያን ሁሉ ጫካ ጥሎ፣ መቱ ድረስ መጥቶ የእኔን ኮምፒውተር ይነካካል ብሎ የሚያወራኝ ሰው ቢኖር ፊቱ ላይ ነበር የምስቅበት። እማዬ ያዮ ጫካ አፋፍ ላይ ስላደገች በልጅነታችን "ጫካ ውስጥ ስማችሁ ሲጠራ በአንዴ አቤት እንዳትሉ፣ ሰው ከሆነ ደግሞ ይጠራል" ትለን ነበር፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ አብዱ ደግሞ ጓዳ ገብተን እንስቃለን። የአባባ ሱቅ ከፊት፣ ቤታችን ከኋላ ነው፣ አባባ ከባንኮኒው ሲጣራ ግድግዳ የሚያልፍ "አቤት!" ካላሰማን ጉዳችን ስለሚፈላ፣ ስማችን ከአፉ ሳይወጣ መልሱ ከአፋችን ይወጣ ነበር። እና የትኛውን እንስማ፣ እስኪ ፍረዱ።

ሥራዬ አንድ ከጫካ ቡናና ከማር ጋር የሚሠራ ቢሮ ውስጥ ነው። ያዮ ያሉት የመስክ ሠራተኞች በስልካቸው አጭር መልእክት ይልካሉ፣ መልእክቱ ጠረጴዛዬ ላይ ባለችው ሞደም በኩል ይገባና በአንድ ፋይል ውስጥ ከላይ ወደ ታች ይደረደራል። ከሠራተኞቹ አንዱ አብዱ ነው። ሁሉም አማርኛውንም ኦሮምኛውንም በላቲን ፊደል ነው የሚጽፉት፣ አለቃችን ደግሞ "በላቲን የተጻፈ አማርኛ ራሴን ያመኛል" ስላሉ አንድ ዘዴ ፈጠርኩ። ኮምፒውተሬ ላይ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን ጥቁሩን መስኮት እከፍታለሁ፣ ካት የምትባለዋ ትእዛዝ ፋይሉ ውስጥ ያለውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ታሳያለች፣ ሴድ የምትባለዋ ደግሞ ከካት እየተቀበለች፣ እኔ በነገርኳት መሠረት ላቲኑን በግዕዝ ፊደል እየተካች ታወጣለች። በቃ ይኸው ነው። ያልነገሯትን ከራሷ አንዲት ፊደል አትጨምርም፣ ይህን ልብ በሉልኝ።

ያን ቀን ክረምቱ ብሶበት ከጠዋት ጀምሮ ሲያወርደው ዋለ፣ መግሪብ ሳይደርስ ቢሮው ጨለመ፣ ሰው ሁሉ ባጃጅ ሳይጠፋ ብሎ ቀደም ብሎ ሄዷል። የቀረነው እኔና የግቢው ጥበቃ ጋሽ ታደሰ ብቻ ነን። ከአብዱ የመጨረሻው መልእክት የገባው ከሰዓት በኋላ ነው፣ "ጅረቱ ሞልቷል፣ በግንዱ ልሻገር ነው" ይላል። ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ። ያን ግንድ አውቀዋለሁ፣ ገባ ወደሚባለው ወንዝ በሚወርደው ጅረት ላይ የተጋደመ፣ በበጋ እንኳ እኔ ቁጭ ብዬ እየተንፏቀቅሁ ነው ያለፍኩት። ስልኩን ብሞክር ብሞክር አልሠራ አለኝ፣ ምናልባት ኔትወርክ ከመጥፋቱ በፊት ሾልኮ የገባ መልእክት ይኖራል ብዬ ሁለቱን ትእዛዞች ጻፍኩ።

መልእክቶቹ ተደረደሩ፣ የአብዱም አለ። ከእሱ ሥር ግን አንዲት መስመር ተጨምራለች፣ ላኪ የላት፣ ሰዓት የላት፣ "ዘይኑ" ብቻ ትላለች። ዘይነባ ነው ስሜ፣ ዘይኑ የሚሉኝ የቤትና የሰፈር ሰዎች ናቸው።

መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ተሻግሮ ነው አልኩ። በላቲን እንዴት እንደጻፈው ልይ ብዬ ሴድን ትቼ በካት ብቻ ከፈትኩት፣ የለም። የመጨረሻው መልእክት ያው የግንዱ ነው። መልሼ በሴድ አሳለፍኩት፣ "ዘይኑ"። በካት ብቻ፣ የለም። እኔው ተሳስቼ የጻፍኩት ይኖራል ብዬ ለሴድ የሰጠኋትን መመሪያ ፊደል በፊደል አየሁት፣ ስሜ በየትም የለም። ያን ጊዜ ነው የሞደሟ መብራት ዓይኔ ውስጥ የገባው፣ መልእክት ሲገባ እንደምታደርገው ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ኔትወርክ ግን አሁንም የለም።

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ታደሰ ናቸው፣ ጃንጥላቸውን እያራገፉ።

"ማል ታቴ፣ ዘይኑ? ምን ሆነሽ ነው ሰው ሲጠራሽ ዝም የምትዪ?"

"ማን ጠራኝ ጋሽ ታደሰ?"

"እኔ ምን አውቄ። በጀርባ፣ በባሕር ዛፉ በኩል ነው። ስምሽን ጠርቶ ዝም አለ፣ ወጥቼ ባይ ግን ሰው የለም።"

ጣሪያው ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው የዝናቡ ጩኸት ድንገት ጋብ አለ፣ መብራትም ጠፋ፣ ላፕቶፑ በባትሪው ቀጠለ፣ ጨለማው ውስጥ የምትታየኝ ያቺ መስመር ብቻ ሆነች። አነበብኳት ልበላችሁ ወይስ ሰማኋት፣ አላውቅም። ብቻ አባባ ከባንኮኒው የጠራኝ ያህል፣ ሳላስበው፣ ግድግዳ የሚያልፍ ድምፅ ከአፌ ወጣ።

"አቤት!"

ጋሽ ታደሰ አማተቡ። "ለማን ነው የምትመልሺው?" አሉ በቀስታ። ሞደሟ ብልጭታዋን አቆመች፣ ትእዛዙን ደግሜ ስጽፍ መስመሯ በሴድም የለችም።

ያን ሌሊት ቤታችን የተኛ ሰው የለም። አብዱ በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ቡና በጫነ አይሱዙ፣ በአንድ እግሩ ጫማ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሱቁ በር ላይ ወረደ። አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ነው የነገረን። ጅረቱ ሲብስበት፣ ይጎድል እንደሆነ ብሎ ሲጠብቅ ቆይቶ፣ ሊመሽበት ሲል አንድ እግሩን ግንዱ ላይ አሳረፈ፣ ያን ጊዜ ከበስተኋላው፣ ከጫካው ውስጥ፣ የእኔን ድምፅ ሰማ፣ አባባ ሲጣራ እንደምመልሰው አድርጌ "አቤት!" ስል። ደንግጦ እግሩን ስቦ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ዞር ብሎ ሲያይ ግንዱ የለም፣ ጎርፉ ይዞት ሄዷል፣ ጫማውም አብሮ።

"አንተ ስትጠራኝ እኮ ነው አቤት ያልኩት" አልኩት እንባዬን እየጠረግሁ።

አብዱ ትክ ብሎ አየኝ። "እኔ? ወላሂ አልጠራሁሽም። አፌንም አልከፈትኩ። እኔ እንዲያውም ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ ያደርኩት፣ ዘይኑ እዚህ ጫካ ውስጥ ለማን ነው የምትመልሰው እያልኩ ነው።"

እማዬ ግን አልሳቀችብንም። ወደ እኔ ዞራ "ስንቴ ጠራሽ?" አለችኝ። አንዴ ብቻ ነው ስላት ተነስታ በጓሮ በኩል ያለውን መስኮት ዘጋችው፣ እስከ ዛሬም ያ መስኮት አይከፈትም።

ከዚያ በኋላ ሰው ቢጠራኝ ደግሞ እስኪጠራኝ ዝም ማለት ለመድኩ፣ ቢሮ ውስጥ ኩራት ጀመራት ይሉኛል፣ ይበሉ። ኮምፒውተሩም ተቀየረ፣ አለቃችንም ተቀየሩ፣ አዲሱ ላቲኑን ራሳቸው ስለሚያነቡ ሴድን ትቻታለሁ፣ በካት ብቻ አሳያቸዋለሁ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ።

ይህን የምጽፍላችሁ ዛሬ ዝናብ ስለሆነ ነው። አብዱ ያዮ ነው፣ ኔትወርክ ከቀትር ጀምሮ የለም። ቅድም ፋይሉን በካት ከፈትኩት፣ ከመልእክቶቹ ሁሉ ሥር፣ ላኪ የላት፣ ሰዓት የላት፣ በላቲን ሳይሆን በራሱ በግዕዝ ፊደል፣ "ዘይኑ" ትላለች። አንዴ ብቻ። እማዬ "ደግሞ እስኪጠራሽ አትመልሺ" ትላለች፣ እኔም ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ተቀምጫለሁ። ግን ያን ቀን ዝም ብል ኖሮ ወንድሜ ግንዱ ላይ ነበር። ዛሬ ደግሞ እግሩን የት ላይ እንዳሳረፈ አላውቅም።