ባቡሩ በደረሰ ቁጥር

ዘመኑ ፲፱፻፺፯ ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ሚያዝያ ነበረ፤ የአቃቂ ወንዝ ቀጥኖ ጠጠሩ ይታይ ነበር፤ ከጣቢያው ጀርባ የቆመው ባሕር ዛፍም ደረቅ ቅጠሉን በሐዲዱ ላይ ያራግፍ ነበር። በዚያ ወር በአንዱ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሦስት ሽማግሌዎች በአቶ ወልደየሱስ ግቢ ተቀመጡ። አቶ ወልደየሱስ ምድር ባቡርን አርባ ዓመት አገልግለው በአቃቂ ጣቢያ ረዳት ሹምነት ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ፤ የኪስ ሰዓታቸውን በባቡሩ ፊሽካ እንጂ በሬዲዮ አይሞሉም ነበር።

የተቀመጡበት ጉዳይ የተፋቱ ባልና ሚስት የልጅ ቀለብ ነበረ። ዱጉማ በአዋሽ ሐዲድ ጠጋኝ ነው፤ አሰፋች በአቃቂ ልብስ አጣቢ ናት፤ ልጃቸው እምነት ሰባት ዓመቷ ነው።

«ከደመወዙ በየወሩ ይቆረጥላት» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

«አባቶቼ፣ ደመወዜ ተቆርጦ የሚተርፍ ነገር የለውም» አለ ዱጉማ አንገቱን ደፍቶ፤ «አዋሽ ከሰል ርካሽ ነው፤ እሱን ልላክላት። የባቡሩ ልጆች ያለ ኪራይ ይጭኑልኛል።»

«ከሰል ነው የምታበላት?» አለች አሰፋች።

«ሸጠሽ ነዋ! ለመሸጥማ ማን ይችልሻል፤ እኔንም የሸጥሽኝ አንቺ ነሽ።»

«ገዢ ባገኝልህማ ዛሬ እዚህ ምን አስቀመጠኝ?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ እርሷ ግን አልሳቀችም። ነጠላዋን ሰብስባ ወደ አቶ ወልደየሱስ ዞረች። «አባባ፣ በአጠባ የማገኘው ለቤት ኪራይ ብቻ ነው። ቀለቧ ከተቋረጠ ልጄን ሳሪስ አቦ ለሰው ቤት ሠራተኛ አድርጌ ከመስጠት ሌላ ምን አለኝ? እኔም ሰው ቤት የገባሁት በስምንት ዓመቴ ነው።»

አዛውንቱ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ይህ አይሆንም፤ ዋሱ እኔ ነኝ። ንጉሡ ሲወርዱ ባቡር አልፏል፤ ደርግ ሲወድቅም ትንሽ ዘግይቶ አልፏል። ወር ለምን እንቆጥራለን? ባቡሩን እንቁጠር።»

ይህ የባቡር ሰዎች ብቻ የሚሠሩት ስሕተት ነበረ፤ በዚያች ሰዓት ግን ስሕተት መሆኑን ያየ አልነበረም። ውሉም እንዲህ ተባለ፦ ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር አቃቂ በደረሰ ቁጥር፣ ዱጉማ ለልጁ ቀለብ አንድ ጆንያ ከሰል ይልካል። ዱጉማ ፈረመ፤ አሰፋች የአውራ ጣቷን አሻራ አኖረች፤ ከሥር የዋሱ ስም ተጻፈ።

ሁለት ዓመት ያህል ጆንያው ባቡሩን ተከትሎ መጣ። አሰፋች ከሰሉን ለሱቀኛው ለታጁ ትሸጥ ነበር፤ በመንገድ እንዳይፈስባትም የጆንያውን አፍ ከእምነት አሮጌ ሹራብ በተረተረችው ቀይ ክር ትሰፋው ነበር። እምነትም በዚያ ከሰል ደብተር ገዛች፤ አራተኛ ክፍልም ደረሰች።

ከዚያ ባቡሩ እየሳሳ ሄደ፤ በሳምንት ይመጣ የነበረው በሁለት ሳምንት፣ ከዚያም በወር ሆነ። አገሩ አዲሱን ሺህ ዓመት በመብራትና በርችት በተቀበለበት በ፳፻ ዓመተ ምሕረት፣ የአቃቂ ሰው ፊሽካውን መስማት ጨርሶ ተወ። ዱጉማ ሥራ ፍለጋ ከአዋሽ ወጣ ተባለ፤ ወዴት እንደ ሄደ የሚናገር አልተገኘም።

አሰፋች ልጇን የምትሰጥበትን ቤት ማጠያየቅ በጀመረች በሦስተኛው ሳምንት፣ አቶ ወልደየሱስ በእጅ ጋሪ ጆንያ አስጭነው ደጇ ደረሱ።

«ዱጉማ በአይሱዙ ላከው» አሉ፤ «ሰላም በሏት ብሏል።»

«እግዜር ይስጠው» አለች።

በየሳምንቱ አንድ ጆንያ መጣ። በአራተኛው ጊዜ የጆንያውን አፍ ልትፈታ ስታጎነብስ ቀይ ክር አየች። የራሷ ስፌት ነበረ። ባለፈው ሐሙስ ለታጁ የሸጠችው ጆንያ ነው፤ አዛውንቱ በጡረታቸው ገዝተው መልሰውላታል። ቀና ብላ አየቻቸው፤ የኪስ ሰዓታቸው ሰንሰለት በኮታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ በጫፉ ግን ሰዓት የለም። ልትናገር ከንፈሯን ከፈተች፤ በጓዳ እምነት ትምህርቷን ጮክ ብላ ስታነብ ሰማችና ዝም አለች። ያን ዝምታዋን እስከ ዛሬ ለራሷ ይቅር አላለችም።

ታጁም ያውቅ ነበር። አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ ይኼ ጆንያ እኮ መንገዱን ለምዷል፤ ትንሽ ቢቆይ ጋሪም አያስፈልገውም» አላቸው።

«አንተ ሒሳብህን ተቀበል!»

ተቀበለ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን በገዛበት ዋጋ ይሸጥላቸው ነበር።

በ፳፻፩ ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ አዛውንቱ አልጋ ያዙ፤ ጆንያውም ቀረ። አሰፋች ልትጠይቃቸው ስትገባ እጃቸው በደረታቸው ላይ ባዶውን ሰንሰለት ይዳስስ ነበር።

«ባቡሩ አልመጣም አይደል?» አሏት።

«መጥቷል፣ አባባ። ጆንያውንም አንሥቻለሁ።»

ሰንሰለቱን ለቀቁት። «እንግዲያ ዋስነቴ አልፈረሰም?»

«አልፈረሰም።»

በማግሥቱ ዐረፉ።

አሰፋች ውሉን ይዛ ወደ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ሄደች። ዳኛው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «እኅቴ፣ ዋሱ ሞተዋል። ውሉ እንዲሻሻል የልጅቷ አባት መቅረብ አለበት፤ ሰውየውን አምጪው።»

«ሰውየውን ባገኘው እርስዎ ዘንድ ምን አመጣኝ?»

ዳኛው ወረቀቱን አጥፈው መለሱላት።

በጥር ወር መጀመሪያ እምነት ልብሷን በፌስታል ይዛ ሳሪስ አቦ ሄደች፤ ደብተሮቿን ለጎረቤት ልጆች ሰጠቻቸው። በገባችበት ቤት የመጀመሪያ ሥራዋ ከሰል ማያያዝ ሆነ፤ አሠሪዋም ይህን ማን እንዳስተማራት ጠየቀቻት፤ እምነት ግን እሳቱን ማራገብ ቀጠለች።

ከስምንት ዓመት በኋላ፣ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በሌላ መስመር ሲመረቅ፣ የሐዲዱ ርዝመትና የተመረቀበት ቀን በየጋዜጣው ወጣ፤ የቀድሞው ባቡርም በክብር ተወሳ። የአንዲት ልጅ ቀለብ በእርሱ ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ነበረ የጻፈ የለም፤ የአቶ ወልደየሱስም ስም ከጡረታ መዝገብ ከተሰረዘ ወዲህ በየትም አልተጠራም። አሰፋች ግን ውሉን እስከ ዛሬ በሣጥኗ አኑራዋለች። በዚያ ወረቀት መሠረት፣ ባቡሩ ስላልደረሰ፣ ማንም የእምነት ዕዳ የለበትም።