የጋሼን ስክሪን ማን ነካው?

ጋሼ ከወንበራቸው ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ከጎናቸው ደም የነካው የእሳት ማጥፊያ ወድቋል። ኮምፒውተራቸው አልተዘጋም፤ በስማቸው የወጣ አጭር ማስታወቂያ ስክሪኑ ላይ ይነበባል፦ «የሚቀጥለው እትማችን መነሻ ዴስክቶፕ ባለጌጡ እንዲሆን ወስኛለሁ።»

ቡድናቸው ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት አሰናድቶ በነጻ የሚያድል ነው። ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ ለሰው የሚታየው ገጽታ የትኛው ይሁን በሚለው ሲናከሱ ከርመዋል፤ ባለጌጡ ወይስ አሮጌ ማሽን ላይም የሚሮጠው ቀላሉ? የመጨረሻው ቃል የቡድኑ መሪ የጋሼ ነበር።

መርማሪዋ ስትደርስ ፖሊሱ የጋሼን የእህት ልጅ በካቴና አስሮታል።

«የቀላሉ ደጋፊ ነው። ትናንት አጎቱ ላይ ሲጮህ ተሰምቷል። መሸነፉን ሲያውቅ ደሙ ፈላ» አለ ፖሊሱ።

«ጮኼያለሁ!» አለ ወጣቱ ጥርሱን ነክሶ። «ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ስንጯጯህ ነው የኖርነው! አንተ ግን ገዳዩን ከመፈለግ ቅርብ ያገኘኸውን ማሰር ቀለለህ።»

መርማሪዋ ባለጌጡን ወደ ሠራው ንድፍ ሠሪ ዞረች። «አንተስ?»

«የኔ እመቤት፣ እኔ እኮ አሸንፌያለሁ። የተፈረደለት ሰው ዳኛውን ይገድላል?»

ሬሳውን ያገኘችው ፕሮግራመር ዓይኗ ደም መስሏል። መርማሪዋ ኮሪደር ላይ ለብቻዋ ጠየቀቻት።

«ጋሼ ኮምፒውተራቸው ላይ ምን ይቀይሩ ነበር?»

«ምንም! የጀርባውን ምስል እንኳ አይነኩም። ‹ተጠቃሚው የሚያየውን እኔም ልየው› ነበር የሚሉት። በዚህ ስንቴ ስቀንባቸዋል!»

«ሊኑክሳችሁ አዲስ የተጫነበት ኮምፒውተር አምጪልኝ።»

ሦስቱም ተራ በተራ በዚያ ኮምፒውተር ላይ ቃላቸውን ጻፉ። ከእያንዳንዱ በኋላ መርማሪዋ ሁሉንም ወደ ነበረበት ታስመልሳለች። ከዚያ ጋሼ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ይህን ስክሪን እዩ። የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚደረደሩበት አሞሌ በግራ በኩል ቆሟል። በአዲሱ ኮምፒውተር ግን ከታች ነው።»

ፕሮግራመሯ አፏን ያዘች። «ትናንት አብሬያቸው ስሠራ ከታች ነበር!»

«ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው እዚህ ተቀምጧል። ማስታወቂያውም የእርሱ ነው። ጋሼ የመረጡት ባለጌጡን ቢሆን ኖሮ ማን በስማቸው ይጽፍላቸዋል? የመረጡት ቀላሉን ነበር።» ድምጿ ሻከረ። «ዛሬ ስትጽፉ አየኋችሁ። ወጣቱ በካቴና እጁ ምንም ሳይነካ ጻፈ። አንቺ ፊደሉን አተለቅሽ። አንተ ግን፣» ወደ ንድፍ ሠሪው ጠቆመች፣ «አንድ ቃል ሳትጽፍ አሞሌውን ወደ ግራ ወሰድከው። ልማድህ ነው፤ እጅህ አደረገው እንጂ አንተ አላሰብክበትም። ሰውየው እግርህ ሥር ደሙ ሲፈስም ያው እጅህ አላስቻለውም!»

ንድፍ ሠሪው ጠረጴዛውን በቡጢ መታ። «ወጣትነቴን የጨረስኩበት ሥራ ነው! ‹ያምራል፣ ግን ይከብዳል› ብሎ በአንድ ቃል ጣለው! ማንም ሳያየው ሊቀብረው ነበር!»

ፖሊሱ አንገቱን ደፍቶ ካቴናውን ከወጣቱ እጅ ፈታ። ወጣቱ አንጓውን እንኳ ሳያሻሽ ንድፍ ሠሪው ፊት ቆመ።

«ያንተን የፈለገ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ በአንድ ትእዛዝ ይጭነው ነበር እኮ! መነሻ ማለት ይኸው ነው፤ ያልወደደው ይቀይረዋል። አጎቴንስ? እስቲ ንገረኝ፣ እሱን በየትኛው ትእዛዝ ልመልሰው?»

ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ ወደ ንድፍ ሠሪው ሄደ።