ባነሩ ላይ የምትወጣዋ ልጅ

«ክንዴስ? ክንዴ የት ሄደ?»

«ይኸው አለልሽ አይደል እንዴ!» አለች እህቷ፣ ስክሪኑን ወደ እሷ እያዞረች። «ትንሽ ነው የቀነስኩልሽ።»

ትንሽ! ልጅቷ ክው ብላ ቀረች። ከትምህርት ቤት እየሮጠች ፎቶ ቤቱ ድረስ የመጣችው እኮ ራሷን ለማየት ነበር። በትምህርት ቤቶች ውድድር በአሎሎ ውርወራ አንደኛ ስለወጣች፣ ፎቶዋ በትልቅ ባነር ታትሞ ትምህርት ቤቷ በር ላይ ሊሰቀል ነው። ያውም ዓመቱን ሙሉ! ፎቶውን የምታዘጋጀው ደግሞ እዚህ የምትሠራው እህቷ ናት፤ ዛሬውኑ ለማተሚያ ቤቱ መላክ አለባት።

ስክሪኑ ላይ ያለችው ልጅ ክንዷ ቀጥኗል፣ ወገቧ ገብቷል፣ አንገቷ ረዝሟል። ከአገጯ ሥር፣ የአሎሎው ብረት እየተደገፈበት የጠቆረው ቆዳ እንኳ ጥርት ብሏል። በዚህ ክንድ አሎሎ መወርወሩ ይቅርና ከመሬት ማንሳትስ ይቻላል?

«ማን አድርጊ አለሽ?»

«ማን ይበለኝ? ‹ዶዘር› እያሉ ሲስቁብሽ አልሰማም መሰለሽ?» የእህቷ ድምፅ ተቆራረጠ። «ብርድ ልብስ ተከናንበሽ የምታለቅሽውንም እሰማለሁ እኮ! ቢያንስ ባነሩን አይተው እንዳይስቁብሽ ብዬ ነው።»

ልጅቷ ዓይኗን ወደ ስክሪኑ መለሰች። ይበልጥ የደነገጠችው ግን በራሷ ነው። ቀጭኗን ልጅ ወደደቻት። በጣም ወደደቻት! ስልኳ ላይ ስታያቸው የምትውላቸውን ቆንጆዎች ቁርጥ ናት። ዝም ብትልስ? ማን ያውቅባታል?

«እሺ በቃ፣ ይሁን» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ የልጅቷ አሰልጣኝ ገቡ።

«ደረሰ? የማተሚያ ቤቱ ሰዎች በስልክ አጣደፉኝ እኮ!» ብለው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። ግንባራቸው ተቋጠረ። «ይቺ ደግሞ ማን ናት? የሌላ ሰው ፎቶ ነው የከፈታችሁት። የእኛዋን አውጡልኝ እንጂ!»

እየቀለዱ መስሏት ፊታቸውን አየች። ቀልድ የሚባል ነገር የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሜዳው ላይ ከእሷ ጋር አቧራ ሲቅሙ የከረሙ ሰው ናቸው። «እግርሽን አጠንክሪ! አሁንም ድገሚ!» እያሉ፣ ያንን ክንድ ከእሷ ጋር ያበጁ ሰው ናቸው። አላወቋትም!

እህቷ አንገቷን ደፋች።

«አዎ፣ ተሳስተን ነው» አለች ልጅቷ። «የእኔ ሌላው ነው። ክፈቺው።»

«እርግጠኛ ነሽ?» እህቷ በሹክሹክታ ጠየቀቻት። «ዓመቱን ሙሉ ነው የሚሰቀለው እኮ።»

«ክፈቺው አልኩሽ!»

ተከፈተ። ወይ ጉድ! ጉንጯ ተነፍቷል፣ የአንገቷ ደም ሥር ተገታትሯል፣ ክንዷ እጅጌውን ሊቀደው ደርሷል። በእርግጥም ዶዘር! ነገ በሩ ላይ የሚነሳው ሳቅ ከአሁኑ ጆሮዋ ውስጥ ጮኸ።

«እሷ ናት!» አሉ አሰልጣኙ፣ በደስታ እያጨበጨቡ።

እህቷ ማውሱን እንደያዘች ዓይን ዓይኗን ታያታለች። ልጅቷ ማውሱን ተቀበለቻትና፣ ሐሳቧን ከመቀየሯ በፊት ፎቶውን ለማተሚያ ቤቱ ላከችው።