የደሴቲቱ አራተኛ ወንበር

መምህር ሊያንደር ጎዴ የተገኙት ከቤታቸው በስተሰሜን፣ ራሳቸው በከመሩት የባሕር ሣር ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ነው። ኅዳር ሲገባ የደሴቲቱ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ የበረዶው ክረምት ንፋስ በወለሉ ሥር እንዳይገባ የቤታቸውን መሠረት በሣር ሲያለብሱ ነበር የዋሉት። ሣሩን የሚደግፉትን ችካሎች ሲመቱበት የነበረው የእንጨት መዶሻ ሁለት እርምጃ ርቆ ወድቋል። ባርኔጣቸው ተንከባልሎ አጥሩ ሥር ቆሟል።

የመንደሩ ፖሊስ አሥር አለቃ ኤድሞን ቢዮት ተንበርክኮ እጃቸውን ያዘ። ገና ጨርሶ አልቀዘቀዘም። ይህ እጅ በአንዲቷ ክፍል ትምህርት ቤት የእሱን እጅ ይዞ ፊደል አስጽፎታል። አባቱ ባሕር ላይ በቀረበት ዓመት ደግሞ በየማለዳው ኪሱ ውስጥ ቁራሽ ዳቦ ይከትለት ነበር፤ አንድም ቀን ስለ ዳቦው ተነጋግረው አያውቁም።

«አንድ ምት ነው፤ ከኋላ» አለ ሐኪሙ። «ጀርባቸውን ለሰውየው ሰጥተው ነበር።»

ኤድሞን መሬቱን አየ። ጭቃው ቀይ ነው። የደሴቲቱ ሰው ሁሉ ጫማ ቀይ ስለሆነ፣ እዚህ አገር ጭቃ በማንም ላይ አይመሰክርም።

የሚመሰክረው ሌላ ነገር ነበር፤ ቅናት። ደሴቲቱ በዋና ከተማው በኦታዋ ባለው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ውስጥ አራት ወንበር ብቻ አላት። ሕዝብ አይመርጥባቸውም፤ ከላይ ይሰየምባቸዋል። የተሰየመም እስኪሞት አይነሣም። አራተኛው ወንበር ከጥንት ጀምሮ የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ነው። ወንበሩን የያዙት ሽማግሌ በበጋ ሲሞቱ፣ የእነሱ በሆነችው በዚህችው በግራንድ ፗንት መንደር ስንቱ ሰው ጥቁር ልብሱን ከሣጥን አውጥቶ በድብቅ ለካው! ማክሰኞ ዕለት ግን ከኦታዋ የተደወለው ለመምህር ሊያንደር ሆነ። እሳቸውም «ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መልሴን እነግራችኋለሁ» አሉ። ዛሬ ሐሙስ ነው።

ይህን ምስጢር መንደሩ ሁሉ ያወቀው በስልክ ነው። አሥራ አንድ ቤት በአንድ ሽቦ ነው የሚነጋገረው። የአንዱ ስልክ ሲደወል የሁሉም ይጮኻል፤ ጆሮ ያለው ሁሉ ያነሣል።

ወጥ ቤት ውስጥ የሟቹ ታናሽ ወንድም ሄክቶር ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ለሁለት የተቀደደ ወረቀት አለ። ኤድሞን ገጣጥሞ አነበበው። ጠበቃ የጻፈው ውል ነበር፤ ከአባታቸው በእኩል የወረሱት እርሻ፣ የሄክቶር ግማሽ ተጨምሮ በሊያንደር ስም ብቻ እንዲሆን የሚል። አልተፈረመበትም።

«ጋሽ ሄክቶር፣ ያገኟቸው እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከላሞቹ ስመለስ። ደክሞት የተጋደመ መሰለኝ። እሱ ግን ሥራ መሀል የሚጋደም ሰው አይደለም።»

«ይህስ ወረቀት?»

«ሕጉን ታውቀው የለ? ሴናተር የሚሆን ሰው እዳ የሌለበት የአራት ሺህ ዶላር መሬት በስሙ ሊኖረው ይገባል። ግማሹ ብቻ አይሞላለትም። ጠበቃው የኔን ጨምርበት አለው።»

«የቀደዱት እርስዎ ነዎት?»

«አይደለሁም።»

«ቢሆኑም የሚገርመኝ አይደለም።»

ሄክቶር ቀና አለ። «ስማኝ ልጄ። እሱ ትምህርት ቤት ሲላክ እኔ ከፈረስ ኋላ ተላክሁ። ለሱ ነጭ አንገትጌ፣ ለኔ ድንች። ዕድሜዬን ሙሉ ስቀናበት ኖሬያለሁ፤ ቄሱ ኑዛዜዬ ሰልችቷቸው ‹ሌላ ኃጢአት የለህም ወይ?› ብለውኛል። ዛሬ ከሰዓት ግን አልቀናሁም።»

«ዛሬ ምን ተገኘ?»

«ስልኩን አልሰማህም እንዴ?»

«መንገድ ላይ ነበርኩ።»

ሄክቶር ነገረው። ኤድሞን የተቀደደውን ወረቀት እንደገና አየው።

«ይህን ለማንም አይድገሙት።»

«ለማን ልድገመው? ስልኩ ሥር የነበረ ሁሉ ሰምቶታል።»

የፊዴል ፗሪዬ ቤት ከዚያ በእርሻ አቋርጦ ለሚሄድ ሩብ ሰዓት ያስኬዳል። ፊዴል ድንች ነጋዴ ነው። ሠላሳ ዓመት በምርጫ ቀን በበረዶ ላይ መራጭ ያመላለሰ፣ ወንበሩንም በልቡ አልጋው ያደረገ ሰው ነው። ትናንት በሱቁ በር ላይ «መምህሩ እዚያ ከሚቀመጥ ፈረሴ ይቀመጥ!» ብሎ ሲጮህ ያልሰማ የለም።

ኤድሞን ሲገባ ፊዴል አልነበረም። ሚስቱ ኦኖሪን ምድጃው ፊት ተንበርክካ ስንጥር እያቀጣጠለች ነበር። ክፍሉ ይበርዳል። ሞቱን ሲነግራት እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ነፍሱን ይማር። አላለቅስም ግን፤ ውሸታም አይደለሁም።»

«ከሰዓት በኋላ የት ነበሩ፣ እትዬ ኦኖሪን?»

«የት እሄዳለሁ? እዚሁ፣ ስልኩ ሥር። ዝናዬን ታውቀው የለ? የእናትህ ሳል እንኳ አያመልጠኝም።»

«ታዲያ መልሳቸውን ሰሙ?»

«ዘጠኝ ተኩል ላይ ደወለ። ‹እሺ፣ እቀበላለሁ› ሲል በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት። የባሌን ወንበር በሁለት ቃል ወሰደው!» ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «ባሌ ጣቱ በብርድ ሲቆረጥ እሱ መጽሐፍ ይገልጥ ነበር። ሚስትም የለው፣ ልጅም የለው፤ ‹የሴናተሩ እመቤት› የሚላት እንኳ የለችም! ለምኑ ነው?»

«እሺ፣ እቀበላለሁ ነው ያሉት?»

«አንዴ ተናገርኩ እኮ። ጻፈው።»

ኤድሞን ጻፈው። ሲጽፍ ፊዴል የጭነት መኪናውን አቁሞ ገባ፤ ጓንቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረ። ነገሩን ሲሰማ «እሰይ!» አለና በዚያው አፉን በእጁ ያዘ። «እግዚኦ! ምን አልኩ? ኤድሞን፣ እንዳትጽፈው።»

«የት ነበሩ?»

«ባቡር ጣቢያ። ከምሳ ጀምሮ ፉርጎ ስጭን። የጣቢያውን ሹም ጠይቀው፤ ስሳደብ ሲሰማ ነው የዋለው። ገዳይ ከፈለግህ ሌላ ፈልግ፤ ቀናተኛ ከፈለግህ ግን ስሜን በትልቁ ጻፍ።»

ኤድሞን ከዚያ ወደ ጣቢያ ሄደ፤ ሹሙም ፊዴል እስከ አሥር ሰዓት ተኩል ከዓይኑ እንዳልራቀ ነገረው። የጣቢያው ስልክ የምድር ባቡሩ ብቻ ነው፤ ከመንደሩ ሽቦ ጋር አይገናኝም። በመጨረሻ የመንደሩን ስልክ የምታገናኘው ዚታ ቤት ደረሰ። ዚታ ገና ሳይጠይቃት አለቀሰች።

«ኤድሞን፣ ከሥራዬ ያባርሩኛል!»

«እኔ የስልክ ቤት አለቃ አይደለሁም። ያልሽውን ብቻ ንገሪኝ፤ ሰዓቱንም።»

ነገረችው። ከሌሎቹ ጋር ወደ መምህሩ ቤት እንድትመጣም አዘዛት።

በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሁሉም በመምህሩ ወጥ ቤት ተሰበሰቡ። በጎን ባለው ክፍል አስከሬኑ ታጥቦ በሳንቃ ላይ ተጋድሟል፤ በሩ ገርበብ ብሏል። ሄክቶር በሩ አጠገብ፣ ፊዴልና ኦኖሪን ጎን ለጎን፣ ዚታ መሀረቧን ጨብጣ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል።

ኤድሞን አልተቀመጠም። «መምህሩ ሒሳብ ሲያስተምሩኝ ‹መልሱን አትፈልግ፤ መጀመሪያ የማይሆነውን አውጣ› ይሉኝ ነበር። እንደዚያ ላድርግ። ዚታ፣ ዛሬ ዘጠኝ ተኩል ላይ ምን ሰማሽ?»

ዚታ ወለሉን እያየች ተናገረች። «መስመሩ ላይ ነበርኩ... መሆን አልነበረብኝም። መምህሩ ‹አልችልም› አሉ። ‹ግማሹ መሬት የወንድሜ ነው። የሱን ላብ ለብሼ ወንበር ላይ አልወጣም› አሉ።»

ኦኖሪን ቀና አለች።

«ከዚያስ?»

«መያዝ አቃተኝ! ሩብ ጉዳይ ለአሥር ላይ ረጅሙን ደወል ደወልኩ። የሁሉንም ቤት። እሳት ሲነሣ ብቻ የሚደወለውን። ለሁሉም ተናገርኩ። ስጨርስ መምህሩ ራሳቸው መስመሩ ላይ ኖረው ‹ዚታ፣ ምላስሽ ከማዕበል ይቀድማል› አሉኝ። ሰው ሁሉ በየቤቱ ሲስቅ ይሰማኛል።»

«እንግዲህ ሩብ ጉዳይ ለአሥር ላይ በሕይወት ነበሩ» አለ ኤድሞን። «አሥር ከሩብ ላይ ሞተው ተገኙ። ግማሽ ሰዓት ነው። ወረቀቱን የቀደዱት ራሳቸው ናቸው፤ ከእንግዲህ አያስፈልጋቸውም። ጋሽ ሄክቶር በራሳቸው ቤት ስልኩን ሰምተዋል፤ መሬታቸው እንደማይነካ አውቀዋል። የሚገድሉበት ምክንያት በዚያው ቀረ።»

ሄክቶር ከበሩ ሳይዞር ተናገረ። «እንደሰማሁ ወደሱ መሄድ ነበረብኝ። ከአርባ ዓመት በኋላ ምን ተብሎ ይመሰገናል? ላሞቹ መሀል ቆሜ ቃል ስፈልግ ነው ግማሽ ሰዓቱ ያለቀው።»

«ረጅሙን ደወል የሰማ ሁሉ» ብሎ ቀጠለ ኤድሞን፣ «መምህር ሊያንደር ወንበሩን እንዳልወሰዱ ያውቃል። ወንበር በሌለው ሰው ማን ይቀናል? ስለዚህ የምፈልገው ሰው በዚያ ሰዓት ስልክ አጠገብ ያልነበረ ነው። ጋሽ ፊዴል አልነበሩም፤ ግን የጣቢያው ሹም መስክሮላቸዋል። እትዬ ኦኖሪን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስልኩ ሥር ነበርኩ ብለውኛል።»

«ነበርኩ!»

«‹እሺ፣ እቀበላለሁ› ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ አሉኝ። እንዲህ ያለ ቃል በሽቦው አላለፈም። መልሱን አልሰሙትም፤ ገመቱት። ‹አልሰማሁም› እንዲሉ ደግሞ ዝናዎ አልፈቀደልዎትም። ቤት እንደዋለች ሴት ቢሆኑ በኅዳር ብርድ ምድጃዎ አመድ ባልሆነ ነበር። እኔ ስደርስ ገና ስንጥር እያቀጣጠሉ ነበር።»

ፊዴል ወደ ሚስቱ ዞረ። «ኦኖሪን፣ ንገሪው። አልወጣሁም በይው።»

እሷ ግን ዚታን ነበር የምታየው። «እሱ እምቢ ካለ... ወንበሩ ለማን ነው?»

ዚታ ኤድሞንን አየችው። እሱም በእሺታ ራሱን ነቀነቀላት።

«ኦታዋዎቹ ‹ማን ይሁን ታዲያ?› አሏቸው። መምህሩም ‹ፊዴል ፗሪዬ› አሉ። ነገ እንደሚደውሉለት ነገሯቸው። ይኸንንም በደወሉ ተናግሬያለሁ። ሁሉም ያውቃል። እናንተም የምታውቁ መስሎኝ ነበር።»

ኦኖሪን ስትናገር ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። እምቢ እንዲል ልለምነው ተነሣሁ። ጭቃው እያዳለጠኝ ዘገየሁ። ስደርስ ችካል ይመታል። ‹መለስክላቸው?› አልኩት። ‹መለስኩ› አለኝ፤ ሳቀ። ‹ወደ ቤትሽ ሂጂ ኦኖሪን፣ ነገ ስልካችሁ ይደወላል› አለኝ። የሚያሾፍብኝ መሰለኝ! ጉራውን በስልክ ሊነዛልን መሰለኝ። መዶሻውን አስቀምጦ ሣር ሊያነሣ ጎንበስ አለ...» ቀሪውን አልተናገረችውም።

ኤድሞን ካፖርቷን ከማንጠልጠያው አውርዶ በትከሻዋ ላይ ጣለላት። እንደ ሕፃን እጇን አስገባች። በሩ ጋ ሲደርሱ ፊዴል ጠራው።

«ኤድሞን።»

«እ?»

«መምህሩ...» አለ ፊዴል። «በስሜ ነው የጠራኝ? ወይስ ‹ያ ድንች ነጋዴ› ነው ያለው?»

የመለሰችለት ዚታ ናት፤ «በሙሉ ስምህ። ‹ፊዴል ለፍቷል፣ ይገባዋል› አሉ።»

ኦኖሪን ደፉ ላይ ቆማ ባሏን ጠበቀችው። እሱ አላያትም። ዓይኑ በጨለመው መስኮት ውስጥ በሚታየው የራሱ መልክ ላይ ነበር፤ ጣቶቹ ሳያውቀው የኮቱን የላይኛ ቁልፍ ይቆልፋሉ። ለወንበሩ ራሱን እያሰናዳ መሆኑ ሲገባው እጁ እዚያው አንገቱ ላይ ደርቆ ቀረ።

ሄክቶር ከወንበሩ ተነሣ። ከጠረጴዛው ላይ ፋኖሱን አንሥቶ፣ ሰዎቹን በጨለማ ትቶ፣ ወደ ወንድሙ ክፍል ገባና በሩን ከኋላው ዘጋ።