ጋሽ ሉቻኖ አልቀመጥም አሉ

በሰው አገር፣ ኢምባካሲ ያለው ቤታችን አንድ የምግብ ጠረጴዛ አለው። እሱም የሚተኮስ ልብስ መከመሪያ ነበር። ሁሉም ሳህኑን ይዞ ወደየክፍሉ ነው። አባቴ ሻይ ሲያምረው ከፎቅ ላይ ሆኖ በቤተሰቡ ዋትስአፕ ያዝዘኛል፤ እናቴ እዚያው «አሜን» ብላ ትጽፍበታለች። ቤተሰብ መሆናችን ነው እንግዲህ!

ጋሽ ሉቻኖ ከቶሪኖ የመጡት ይኼን ሊያዩ ነው። የሟች አክስቴ የየሺወርቅ ባል ናቸው፤ አማርኛውንም የለመዱት ከእሷ ነው። በመጡ ማግስት ልብሱን ሶፋ ላይ ወረወሩና ፓስታ ቀቅለው፣ በየበራችን በጭልፋ እያንኳኩ ሰበሰቡን። ወንድሜ ናትናኤል መሳቅ እንደሚችል ያን ቀን አወቅኩ።

ዓርብ «ክትፎ አማረኝ» ብለውኝ ኢስትሊ ሰፈር ወዳለ የሐበሻ ምግብ ቤት ወሰድኳቸው። የምግብ ቤቱ ልጅ፣ መልአኩ ይባላል፣ ሜኑውን ከእጄ ተቀበለኝ።

«ዛሬ ጾም ነው። ሥጋ የለም።»

«እኛ ጴንጤ ነን፤ አንጾምም።»

«እኔ እጾማለሁ። ሽሮ ብትበዪ አትሞቺም፣ እመቤት።»

ተናድጄ ቀና ስል ዓይኑ ይስቃል። ሽሮውን በላሁ። በሚቀጥለው ዓርብም እንደተናደድኩ ተመለስኩ። በኋላማ ሳልናደድም መሄድ ጀመርኩ። ጋሽ ሉቻኖም የመመለሻ ቲኬታቸውን አራዘሙ።

መልአኩ ሽማግሌ ሊልክ እንደሆነ ለአባቴ ስነግረው፣ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ፎቅ ወጥቶ ግሩፑ ላይ ጻፈ፦ «ኦርቶዶክስ ነው። ጉዳዩ ተዘግቷል።» የእኔ ሕይወት! በአውራ ጣት! እናቴም «አሜን» አለችበት።

እሁድ ሽማግሌዎቹ መጡ። እንደ ልማዱ፣ መልስ ሳያገኙ ላይቀመጡ ሳሎን መሃል ቆሙ። አንዱ የመልአኩ አጎት ጋሽ ባንታየሁ ናቸው። ሌላው፣ ከረባት አስረው፣ በጓሮ ወጥተው በዋናው በር የገቡት፣ የኛው ጋሽ ሉቻኖ!

«እርስዎ የኛ ወገን አይደሉም እንዴ?» አለ አባቴ።

«ዛሬ ሽማግሌ ነኝ። ልጅህን ለመልአኩ ስጥ። እስክትመልስ አልቀመጥም፤ አልበላምም።»

አባቴ ስልኩን አነሳ። «እንግዲህ አስቤበት ሜሴጅ...»

«አባዬ!» ልጅቷ ሽማግሌ ፊት አትወጣም፤ እኔ ወጣሁ። «ይኸው እዚህ ነኝ። አንዴ እንኳ በአፍህ ጠይቀኝ!»

ቀና ብሎ አየኝ። ለካ ዓይኑ እንዲህ ደክሟል።

«ትወጂዋለሽ?» ድምፁ ሻከረ።

«እወደዋለሁ።»

«እምነትሽስ?»

«እኔ ወደ ቸርቼ፣ እሱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ። ዓርብ ዓርብ ሽሮ እበላለታለሁ፤ ከዚያ በላይ አልሞክረውም።»

አባቴ ስልኩን ኪሱ ከተተ፤ ከጠረጴዛው ሥር ወንበር ስቦ ለጋሽ ባንታየሁ፣ ሌላውን ለጋሽ ሉቻኖ አቀረበ። «ተቀመጡ» አለ።

እናቴ «አሜን» አለች፤ በድምጿ።

መልአኩ የማታቱ ታክሲ መቆሚያው ጋ እየጠበቀ ነበር። አልደወልኩለትም፤ በእግሬ ሄድኩ።

«ተቀመጡ?» አለኝ ከሩቅ።

«ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«እሁድ።»

«እንግዲያው ክትፎ ታበላኛለህ። ለጋሽ ሉቻኖም ጨምር፤ ቆመው ቆመው ርቧቸዋል።»