ስክሪኑን ማን አጠፋው?

ላፕቶፑ ጠዋት ሞቶ ተገኘ።

ያገኘችው ባለቤቱ ሠዓሊዋ ናት። ማብሪያውን ተጫነች። አርማው ብልጭ አለ፤ ከዚያ ድርግም። ደግማ ሞከረች። አርማ፣ ከዚያ ጨለማ።

ውስጡ የአንድ የልጆች መጽሐፍ ሥዕሎች በሙሉ አሉ። ሌላ ቅጂ የላቸውም። አሳታሚዋ ደግሞ ከምሳ በፊት ካላየቻቸው ሥራውን ለሌላ ሰው እንደምትሰጥ ቁርጡን ነግራታለች። "ነገ ቅጂ አስቀምጣለሁ" ስትል የከረመች ሴት አሁን ራሷን በጥፊ ብትመታ ደስ ባላት።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሸሚዙን እየቆለፈ ከመኝታ ቤት ወጣ። ባሏ ነው። "ነጻ ነው፣ ቫይረስም አይደፍረው" ብሎ ዊንዶውሱን አንሥቶ ሊኑክስ የተባለውን ሲስተም የጫነላት እሱ ነው።

"ትናንት ምን ነካካህ?"

"እኔ? ምንም።"

"ዓይኔን እያየህ!"

"አፕዴት ብቻ ነው ያደረግሁት።"

"ብቻ!"

"እ... የግራፊክስ ድራይቨሩም አብሮ ታድሷል።"

ተያዘ፣ አለች በልቧ። ምስሉን ስክሪኑ ላይ የሚያመጣው ድራይቨሩ መሆኑን ያስተማራት ራሱ ነው። ባልየው አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠና ላፕቶፑን እንደገና አስነሣው። ምርጫው ሲመጣ ከአፕዴቱ በፊት የነበረውን የድሮውን ስሪት መረጠ።

አርማ። ከዚያ ያው ጨለማ።

"አልቆለታል" አለና ከኪሱ ፍላሽ አወጣ። "ሁሉን ደምስሼ እንደ አዲስ ልጫነው።"

"ሥዕሎቼስ?"

"እነሱን ማውጣት አልችልበትም።"

"እጅህን አንሣ!"

ጩኸቷ ራሷንም አስደነገጣት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና እንደ ምንም ተቀምጣ አሰበች። ገዳዩ አፕዴቱ ቢሆን በድሮው ስሪት ደህና መነሣት ነበረበት። ስክሪኑ ተሰብሮ ቢሆን ደግሞ አርማው ባልታየ። እንግዲያው ባሏ ነጻ ነው። ይሄ ጭራሽ አበገናት፤ የምትጮህበት ሰው አሳጣት።

በሩ ተከፈተ። አባቷ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን በያጅ ነበሩ፤ የብየዳው ብርሃን ዓይናቸውን ስላደከመው በጠራራ ፀሐይም የእጅ ባትሪ ከእጃቸው አይለይም።

"መነጽሬን አይታችኋል?" እያሉ ባትሪውን ጠረጴዛው ላይ አዞሩት። ብርሃኑ በጥቁሩ ስክሪን ላይ ሲያልፍ ሠዓሊዋ ከወንበሯ ተስፈንጥራ ተነሣች።

"አባዬ፣ እንዳትንቀሳቀስ! ባትሪውን እዚሁ መልሰው!"

ከጥቁሩ ሥር፣ ድብዝዝ ብላ፣ ራሷ ሥላ የስክሪኑ ጀርባ ያደረገቻት ሥዕል ትታያለች።

ሬሳው ሕይወት አለው! ምስሉ በቦታው ነው፤ የጠፋው ከኋላው የሚያበራው መብራት ብቻ ነው። የፀሐይ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ደጋግማ ተጫነች። ስክሪኑ ወገግ አለ። አንድ ሰው ብርሃኑን እስከ መጨረሻው አውርዶታል፤ ታማኙ ሲስተም ደግሞ ትእዛዙን አስታውሶ በተነሣ ቁጥር ራሱን ያጨልማል።

ባሏን አየችው። እሱም እጆቹን ዘረጋ። በቤቱ የቀረ አንድ ሰው ነው። በቅርቡ "ይቺ ፀሐይ ምን ትሠራለች?" ብሎ የጠየቃት፣ እሷም እየሳቀች ያሳየችው ሰው።

"አባዬ፣ ትናንት ላፕቶፔን ነክተሃል?"

አባቷ ባትሪውን አጠፉ።

"ከፍተሽው ወጣ ስትዪ ነው።"

"ምን አደረግኸው?"

"ፀሐይዋን ተጫንኳት። እስክትጠልቅ።"

"ለምን?"

"ዓይንሽ ቀልቶ አየሁታ! የእኔም እንደዚያ ነበር የጀመረው። ብነግርሽ መች ትሰሚያለሽ፣ ልጄ።"

ጠዋቱን ሙሉ ያጠራቀመችው ንዴት የት እንደገባ እንጃ። አሳታሚዋ ዘንድ የምትወስደውን የመጀመሪያ ገጽ ከፈተችና ወንበሩን ሳበችላቸው። አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው ጎንበስ አሉ። በእሳት ፍንጣሪ መሐል አንድ በያጅ ቆሟል፤ ፊቱ በጭንብል ተሸፍኗል።

"ይሄ ሰውዬ... እኔ ነኝ?"

"አንተ ነህ።"

"ውሸት ነው። እኔ እኮ ጭንብል አድርጌ አላውቅም።"

"አውቃለሁ፣ አባዬ። ለዚህ ነው ያደረግሁልህ።"

ባልየው የሚስቱን ቦርሳ ይዞ በሩ ላይ ይጠብቃል።

"እስቲ" አሉ አዛውንቱ ዓይናቸውን ከሥዕሉ ሳያነሡ፣ "ፀሐይዋን ከፍ አድርጊልኝ።"