የንባብ ክፍሉ ምንጣፍ

ኢንስፔክተር ጉዲቱ የሕፃናት ንባብ ክፍሉ በር ላይ ስትደርስ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ጥበቃ ራህመቶ «ይቅርታ፣ ጫማዎን…» ብሎ ጀመረና አፍሮ አቋረጠ። ውስጥ ሬሳ አለ፤ እሱ ግን ልማድ ሆኖበት ነው። ጉዲቱ ጫማዋን አውልቃ ገባች።

ቢሊሴ ግድግዳው ላይ ከተደገፈ መሰላል ሥር፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በተነጠፈው አረንጓዴ ምንጣፍ ላይ በጀርባዋ ተንጋላለች። ማጅራቷ ላይ ተመትታለች። ጥቁር ጫማዋ እግሯ ላይ እንደታሰረ ነው። ከበላይዋ ግድግዳው ላይ የሴት ሳይንቲስቶች ምስሎች ተደርድረዋል፤ ጥግ ላይ ያለው ልጆች በከለር የሳሉት የራሷ የቢሊሴ ምስል ነው፣ ነጭ ጋዋን ለብሳ።

የአዳማ ወላጆች ያን ቅዳሜ ከልጆቻቸው ጋር ስለ ሴት ሳይንቲስቶች ሊያነቡ ተጠርተው ነበር። ቢሊሴ የኬሚስትሪ ምሩቅ ናት። የአካባቢውን የጉድጓድ ውኃ፣ ያን የልጅ ጥርስ የሚያበልዝ ውኃ፣ በአጥንት ከሰል የሚያጣራ ባልዲ ሠርታለች። ከንባቡ በኋላ ለእናቶቹ ልታሳይ ነበር።

የጉዲቱ አለቃ በስልክ፣ «ከመሰላል ወድቃ ነው የሞተችው፤ አስከሬኑን ለቤተሰብ አስረክቢና መዝገቡን ዝጊው» ብሏታል። የቢሊሴ እናት አዴ ዲንቄ ግን ግቢው ውስጥ ተቀምጠው አልነሣም አሉ። ልጃቸው እንዴት እንደሞተች ሳያውቁ አይቀብሯትም።

ያን ጧት ከቢሊሴ ሌላ ግቢ ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። ራህመቶ ክፍሉን ሊያይ እስኪገባ ድረስ ከውጭው በር እንዳልተነቃነቀ፣ ሬሳውን ሲያገኝም ክፍሉን ቆልፎ፣ ያየውን ለማንም ሳይዘረዝር ፖሊስ እንደጠራ ተናገረ። በጎ ፈቃደኛዋ እናት ሶሲ የቢሊሴን ምስል ለማንም ሳትነግር ራሷ ሰቅላ፣ ለልጆቹ ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ነበር። ልጆቹም ምስሉን የሳሉት እሷ ቤት ተደብቀው ነው።

«ከቢሊሴ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል» አለቻት ጉዲቱ።

«ተጣልተናል። ምንጣፉን አጥቤ ሳይደርቅ ልጆች አስገባችበት። ለዚህ ሰው ይገደላል እንዴ፣ እህቴ?»

ሦስተኛው ዶክተር ጀቤሳ ነው፤ ቢሊሴን ዩኒቨርሲቲ ያስተማራት፣ የንባብ ፕሮግራሙ የክብር ሰብሳቢ። ከግቢው እንዳላለፈና መኪናው ውስጥ ንግግሩን ሲያነብ እንደነበር ተናገረ።

«ባልዲውን የሠራው ማን ነው?»

«በእኔ ስም ነው የሚታወቀው። እሷ ረድታኛለች። ጎበዝ ልጅ ነበረች፣ ትንሽ ትቸኩላለች እንጂ።» ራሱን ነቀነቀ። «የራሷን ምስል ልትሰቅል ብላ መሞቷ ነው የሚያሳዝነው።»

ጉዲቱ አመስግናው ወደ ሕንፃው ጀርባ ዞረች። ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ቢሮ የሚያወጣው የሲሚንቶ ደረጃ አቧራ ለብሷል። አንዱ ጠርዝ ብቻ በውኃ ተጠርጓል፤ ስንጥቁ ውስጥ ደም ቀርቷል።

አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ ሁሉንም ወደ ንባብ ክፍሉ ጠራች። ራህመቶ በር ላይ ጫማውን አወለቀ። ሶሲም አወለቀች፤ አዴ ዲንቄንም ጎንበስ ብላ አገዘቻቸው። ዶክተር ጀቤሳ በሚያብረቀርቅ ጫማው ቀጥ ብሎ ምንጣፉ መሀል ደረሰ። ሁሉም እግሩን አዩት።

«ይሄ ሕግ ደግሞ መቼ ወጣ?» አለ።

«ፕሮግራሙ ሲጀመር ነው፣ ዶክተር» አለ ራህመቶ። «እርስዎ ግቢ ውስጥ ንግግር አድርገው ይሄዳሉ እንጂ ገብተው አያውቁም።»

«ሕጉን ያወጣችው ቢሊሴ ናት» አለች ጉዲቱ። «ዛሬ ግን በጫማዋ ተገኘች። በእግሯ አልገባችም፤ ተሸክሞ ያስገባት ሰው ነው። ራህመቶም ሶሲም ቢሆኑ ጫማዋን በር ላይ ይተዉት ነበር። ሕጉን የማያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ጫማ ስላላወለቅኩ ነፍሰ ገዳይ ልባል ነው?»

«የራሷን ምስል ልትሰቅል ሞተች ብለውኛል። የሰቀለችው ሶሲ ናት፣ ያውም በድብቅ። ከግቢ ያላለፈ ሰው ምስሉ መኖሩን በምን አወቀ? ሬሳውን ሲያስተኙ አዩት፤ ከመሰላል ወደቀች የሚለውንም ያኔ አሰቡ። የመታት ግን ደረጃው ነው። ጠርገውታል፤ ስንጥቁን ግን አላዩትም።»

ጀቤሳ ወደ በሩ አየ። ፖሊሶች ቆመውበታል።

«አልገፋኋትም» አለ በመጨረሻ። «ባልዲውን ስታሳይ ስሜን እንድትጠራ ለመንኳት። የራሴን ሥራ የሌላ ነው ብዬ ለልጆች አልናገርም አለችኝ። ክንዷን ያዝኩ፣ መነጨቀችኝ፣ ወደቀች።»

ጉዲቱ «እርስዎ» የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣ አለ። «ሆስፒታሉ ከአስፋልቱ ማዶ ነው» አለችው። «ከደረጃው እስከ ውጭው በር ያለው መንገድ እስከዚህ ክፍል ካለው ያጥራል። መሸከሙን ተሸክመሃታል። የተሸከምካት ግን ወደዚህ ነው።»

አዴ ዲንቄ ቀስ ብለው ፊቱ ቆሙ።

«ስታነሣት ትተነፍስ ነበር?»

ጀቤሳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እንደገና ጠየቁት።

«ትንሽ» አለ።

አዴ ዲንቄ አልጮኹም። ነጠላቸውን አጥብቀው ወደ ጉዲቱ ዞሩ።

«ይህን ሰው ከልጆቹ ምንጣፍ ላይ አውርዱት» አሉ። «ከዚያ ልጄን ስጡኝ።»